የባስ ዓሣና የጸደይ መባቻ አጥማጆች

በምዕራብ አውሮፓ የባሕር ዳር አገሮች፣ ይልቁንም በእንግሊዝ ደቡብና ምዕራብ ጠረፍ፣ በዌልስ፣ በአየርላንድና በፈረንሳይ ብሪታኒ፣ የብርዱ ወራት አልፎ የባሕሩ ውሃ ጥቂት ሞቅ ማለት ሲጀምር፣ ማለዳና ማታ በዐለት ጫፍ ላይ ቆመው ወይም በአሸዋው ዳር እስከ ጕልበታቸው ውሃ ገብተው በቀጭን ዘንግ ክር የሚወረውሩ ሰዎች ይታያሉ። የሚፈልጉት ባስ የሚባለውን ዓሣ ነው፤ በመንጠቆአቸው ላይ ያለው ግን ምግብ ሳይሆን የምግብ አምሳል ነው። ነገሩ ከላይ ለሚያየው የሥራ ፈቶች ጨዋታ ይመስላል። ዳሩ ግን ታሪኩ ሲመረመር፣ የባሕር ዳር የማን እንደ ሆነ፣ አንድ የዱር ፍጥረት በየትኛው ወራት ሊነካ እንደሚገባና ይህንንም የሚወስነው ማን እንደ ሆነ የሚያሳይ ታሪክ ሆኖ ይገኛል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታትና ወራት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ዓሣው በአማርኛ የታወቀ ስም ስለሌለው የእንግሊዝኛውን ስም እንዳለ መያዝ ይሻላል። በአባያና በጫሞ ሐይቆች ከሚገኘው ናይል ፐርች ጋራ፣ እንዲሁም በአሜሪካ ሐይቆችና ወንዞች ባስ ተብለው ከሚጠሩት ዓሦች ጋራ መደባለቅ አይገባም። ሊኔዎስ በ1758 ዓ.ም. ከፐርች ወገን ቈጥሮ የመዘገበው ሲሆን፣ ዛሬ በሊቃውንት ዘንድ ዲሴንትራርኩስ ላብራክስ ይባላል። ገላው እንደ ብር የሚያበራ፣ የፊተኛው የጀርባ ክንፉ በሾኽ የታጠረ፣ የጕንጩም ክዳን እጅ የሚቈርጥ ነው። ከኖርዌይ ጀምሮ እስከ ሰሜን ምዕራብ አፍሪካ ጠረፍ፣ በሜዲትራንያንና በጥቍር ባሕርም ይገኛል። ሕዝቦች ለዚህ ዓሣ ያወጡለት ስም ጠባዩን ይገልጻል፤ ግሪኮች ላብራክስ ሲሉት ሆዳም ወይም ኀይለኛ ማለታቸው ነበር፤ ሮማውያን ሉፑስ ማለትም ተኵላ ብለውታል፤ በደቡብ ፈረንሳይ እስከ ዛሬ በዚሁ በተኵላ ስም ይጠራል፤ የዌልስ ሰዎች ደግሞ ሾኹን አይተው ስሙን ከጃርት ስም አወጡለት።

የጥንት ጸሐፊዎች ስለ ባስ የጻፉት ጥቂት አይደለም። አሪስጣጣሊስ አጥርተው ከሚሰሙት ዓሦች መካከል ቈጥሮታል፤ በብርድ ወራት እንቍላሉን እንደሚጥልና ወንዝ ወደ ባሕር የሚገባበትን ስፍራ እንደሚወድም ጽፏል። ይህ ቃል ከሞላ ጐደል እውነት ሆኖ ተገኝቷል፤ ዛሬም ልምድ ያለው አጥማጅ በዐለቱ ላይ ሲራመድ ጫማው ድምፅ እንዳያሰማ የሚጠነቀቀው በዚሁ ምክንያት ነው። በሁለተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ የነበረው የኪልቅያው ባለቅኔ ኦፒያኖስ የዓሣውን ብልሃት ይተርካል፤ መረብ ሲከበው በክንፉ አሸዋውን ቈፍሮ መረቡ ከላዩ እስኪያልፍ ይተኛል፤ መንጠቆ ሲይዘውም ወደ ላይ እየዘለለ፣ ራሱን በክሩ ላይ እየጣለ ቍስሉን ያሰፋና ያመልጣል። ኤልያኖስ ደግሞ ባስ ጥቃቅን የባሕር ሽሪምፖችን ሲውጥ በግንባራቸው ሾኽ ላንቃው ተወግቶ እንደሚሞት ጽፏል። ይህ የመጨረሻው ተረት ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ዓሣው ለሽሪምፕ ያለውን ፍቅር የሚያስረዳ ስለ ሆነ በከንቱ የተጻፈ አይደለም።

የሮማ ሰዎች ከጠባዩ ይልቅ ጣዕሙን ነበር የሚመረምሩት። በቲበር ወንዝ በሁለቱ ድልድዮች መካከል፣ የከተማው እድፍ በሚፈስበት ስፍራ የተያዘው ባስ ከባሕሩ ይልቅ ይከበር ነበር፤ ሆራስ በዚህ ምርጫ ይሣለቅበታል። ኮሉሜላ እንደ ጻፈው፣ ማርኪዮስ ፊሊጶስ የሚባል ታላቅ ሰው በካሲኑም ከተማ በእንግድነት ሳለ ከቅርብ ወንዝ የተያዘ ባስ ቢያቀርቡለት ቀምሶ ተፋው፤ ዓሣ የሚባልም አይደለም አለ። ከዚያ ወዲህ ለአፋቸው የሚሳሱ ሁሉ እርሱን እያዩ ምላሳቸውን ያስተምሩ ጀመር። ዋጋው ከጣዕሙ አልፎ ለክብር የተከፈለበት ዓሣ መሆኑ እንግዲህ አዲስ ነገር አይደለም።

የዓሣው ኑሮ ሳይታወቅ የአጥማጁ ክርክር አይገባም። በእንግሊዝ ቻናልና በኬልቲክ ባሕር ባስ ከፌብሩዋሪ እስከ ሜይ ድረስ ከጠረፍ ርቆ በመንጋ ተሰብስቦ እንቍላሉን ይጥላል፤ ለዚህም ውሃው ቢያንስ 9 ዲግሪ ያህል ሙቀት ሊኖረው ያስፈልጋል። ከእንቍላሉ የሚወጡት ጥቃቅን ዓሦች በውሃው ተገፍተው ወደ ወንዞች አፍና ወደ ጨዋማ ረግረግ ይገባሉ፤ በዚያም አራት ወይም አምስት ዓመት ያህል ያድጋሉ። እድገታቸው እጅግ የዘገየ ነው፤ ሴቲቱ ለመራባት የምትደርሰው 42 ሳንቲ ሜትር ያህል ስትሆን ነው፤ ይህም በሰሜኑ ቀዝቃዛ ውሃ ስድስት ዓመት ገደማ ይፈጃል። ከዚያ በኋላ ግን ከሃያ ዓመት በላይ ልትኖር ትችላለች። አየርላንዳውያኑ ኬኔዲና ፊትዝሞሪስ በ1972 ዓ.ም. ስለ አየርላንድ ባስ ያሳተሙት ጥናት የዓሣውን ዕድሜ ከቅርፊቱ ቀለበት ቈጥሮ ይህን ዘገምተኛነት ግልጽ አደረገው። አንድ ብርቱ ብርድ ያለበት ዓመት የዚያን ዓመት ግልገሎች ሊያጠፋ ይችላል፤ የ1989ኙ ዓይነት ሙቀት የበዛበት ዓመት ደግሞ ባሕሩን ለብዙ ዘመን ይሞላዋል። በኤፕሪልና በሜይ ከጠረፍ የሚታየው ዓሣ እንግዲህ ከርቢው ስፍራ ከስቶና ተርቦ የተመለሰ፣ ብዙ ጊዜም በዕድሜ የበሰለ ዓሣ ነው። የሚመለሰውም ቅርፊቱን የሚጥለውን ክራብና በአሸዋ ውስጥ የምትደበቀውን ቀጭን ረዥም ትንሽ ዓሣ ፍለጋ ነው።

ሰው ሠራሽ ማባበያ በየአገሩ ጥንታዊ ነው። በፓስፊክ ደሴቶች ያሉ ሕዝቦች ከሉል ዛጎል አካል፣ ከአጥንት ወይም ከኤሊ ልብስ ጫፍ፣ ከላባም ጭራ ሠርተው ከታንኳ ኋላ ይጐትቱ ነበር፤ የሰሜን ዋልታ ሰዎች ከዝሆን ጥርስ መሳይ የባሕር አውሬ ጥርስ ትንሽ ዓሣ ቀርጸው በበረዶው ቀዳዳ ያወርዳሉ። በአውሮፓ ከሁሉ የቀደመው ግልጽ ምስክር የኤልያኖስ ነው፤ በ200 ዓ.ም. ገደማ፣ በመቄዶንያ አስትራዮስ በሚባል ወንዝ፣ ሰዎች ቀይ የበግ ጠጕር በመንጠቆ ጠምጥመው ሁለት የዶሮ ላባ ጨምረው ዝንብ በማስመሰል ዓሣ እንደሚይዙ ጽፏል። ይሁን እንጂ ይህ የወንዝ ጥበብ ነው። ባስን ከባሕር ዳር በማባበያ ለመያዝ እስከ ሃያኛው መቶ ዓመት ድረስ አንድ መሰናክል ነበር፤ ይኸውም የመወርወር ችግር ነው። ማባበያው ቀላል ካልሆነ በውሃ ውስጥ እንደ ዓሣ አይዋኝም፤ ቀላል ከሆነ ደግሞ ከሩቅ አይደርስም። ስለዚህ የቻናል ደሴቶችና የኮርንዎል ዓሣ አጥማጆች ማባበያቸውን የሚጐትቱት በሸራ ከምትሄድ ጀልባ ኋላ ነበር። ዊልኮክስ በ1865 ዓ.ም. «የባሕር አጥማጅ» ብሎ በጌርንሴይ ባሳተመው መጽሐፍ የተነገረው ጥበብ በብዛት ይህ የጀልባ ጥበብ ነው። ጨርቅ፣ ነጭ ቆዳ፣ የዓሣ ሆድ ቍራጭ፣ በኋላም የጎማ ቱቦ ለዚህ ሥራ ይውሉ ነበር።

ችግሩን የፈታው የባሕር ሰው ሳይሆን የሸማ ፋብሪካ ጌታ መሆኑ ሊታወስ የሚገባው ነው። በብራድፎርድ የሱፍ ፋብሪካ የነበረው አልፍሬድ ሆልደን ኢሊንግዎርዝ በ1905 ዓ.ም. ለአዲስ የክር ማጠንጠኛ የባለቤትነት መብት አወጣ። ከዚያ በፊት የነበረው ማጠንጠኛ እንደ መንኰራኵር የሚዞር ስለ ነበረ፣ ክሩ ወደ ፊት እንዲሄድ የማባበያው ክብደት መንኰራኵሩን ማዞር ነበረበት። ኢሊንግዎርዝ ግን የክሩን መያዣ ጐኑን አዙሮ ሳይንቀሳቀስ እንዲቆም አደረገው፤ ክሩም ከጫፉ ላይ እየተንሸራተተ ይወጣል። የሸማኔውን መወርወሪያ ያየ ሰው ሐሳቡ ከወዴት እንደ መጣ ለመገመት አይቸገርም፤ በዚያም ክሩ ከቆመው ጥቅል ጫፍ ላይ እየተፈታ ይሄዳልና። ከዚህ ወዲያ ጥቂት ግራም የሚመዝን ነገር ከዐለት ላይ ሩቅ መጣል ተቻለ። ዱፖንት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1938 ዓ.ም. ናይሎንን ለዓለም ካስታወቀ በኋላ፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ የሐርና የተልባ ክር በናይሎን ተተካ፤ ዘንጉም ከቀርከሃ ወደ ብርጭቆ ቃጫ ተለወጠ።

የማባበያው መልክ ደግሞ በሌላ ስፍራ ተለወጠ። ፊንላንዳዊው ላውሪ ራፓላ በሐይቅ ላይ ዓሣ ሲያጠምድ፣ ትልልቆቹ ዓሦች ከመንጋው መካከል የሚመርጡት የታመመችውን፣ አካሄዷ የተንገዳገደውን እንደ ሆነ አስተዋለ፤ በ1936 ዓ.ም.ም ከቡሽ ቀርጾ፣ የቸኮላታ መጠቅለያ ብርማ ወረቀት አልብሶ፣ በቀለጠ የፎቶግራፍ ፊልም ቀብቶ የመጀመሪያውን ማባበያ ሠራ። ኋላ ባልሳ በሚባል ቀላል እንጨት የተሠራው ይኸው ማባበያ በ1962 ዓ.ም. ላይፍ በሚባለው የአሜሪካ መጽሔት ከተጻፈለት በኋላ በዓለም ተሠራጨ። ኒክ ክሬም የተባለ አሜሪካዊ በ1949 ዓ.ም. ከፕላስቲክ ለስላሳ ትል ሠርቶ ነበር። ጃፓኖችም ሱዙኪ የሚሉትን የባስ ዘመድ ከጠረፍ ሲያጠምዱ የረቀቁ ማባበያዎችን አወጡ፤ አውሮፓውያን አጥማጆችም ብዙውን ከእነርሱ ተቀበሉ። ስለዚህ በአየርላንድ ዐለት ላይ የቆመ ሰው በእጁ የያዘው የፊንላንድን እንጨት ቀራጭ፣ የእንግሊዝን ፈታይ፣ የጃፓንን ፋብሪካ ጥበብ በአንድነት ነው።

የመባቻው ወራት አያያዝ የራሱ ሥርዓት አለው። በኤፕሪል ውሃው ገና ቀዝቃዛ ስለ ሆነ ዓሣው ብዙ አያሳድድም፤ ማባበያው ቀስ ብሎ፣ ለጊዜውም ቆም እያለ ሊሳብ ይገባዋል። ፀሐይ ቀን ያሞቀችውን ጥቍር ዐለትና ጭቃ፣ ባሕሩ ሲሞላ የሚሸፍነው ጥልቀት የሌለው ውሃ ከክፍት ባሕር ቀድሞ ይሞቃል፤ ዓሣውም ከሙላቱ ጋራ ወደዚያ ይገባል። ብልህ አጥማጅ እንግዲህ ቀን መቍጠሪያውን ብቻ ሳይሆን የጨረቃን ልደትና ሙላት፣ የነፋሱን አቅጣጫ፣ የውሃውንም ጥራት ይመለከታል፤ ውሃው ከደፈረሰ ዓይንን የሚያታልል ማባበያ ከንቱ ነውና። ይህ ዕውቀት በመጽሐፍ ከተጻፈው ይልቅ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ ነው፤ የስፍራውም ስም በምሥጢር ይያዛል። ምሥጢሩ ከስስት ብቻ የመጣ አይመስልም፤ ዓሣው በየዓመቱ ወደዚያው ስፍራ እንደሚመለስ የሚያውቅ ሰው፣ ያን ስፍራ ለሌላ መንገር የእነዚያን ዓሦች ነፍስ መንገር እንደ ሆነ ያውቃል።

ለምን ባስ? በብሪታንያ የሳልሞን ወንዝ ባለርስት አለው፤ ዓሣውን የሚነካ ሰው ከፍሎ ወይም ተጋብዞ ነው። ሙላትና ጉድለት የሚደርስበት የባሕር ውሃ ግን የሕዝብ ነው። የሕግ ሰዎች ይህን መብት ከ1215ቱ ማግና ካርታ ጋራ ያያይዙታል። የውሉ ቃል ራሱ የሚናገረው ከቴምስና ከሜድዌይ፣ ከእንግሊዝም ወንዞች ሁሉ ከባሕር ጠረፍ በቀር የዓሣ ማገጃ አጥሮች እንዲነሡ ነው፤ ትርጓሜውን ያሰፉት በኋላ የመጡ ዳኞች ናቸው። የሆነው ሆኖ፣ በ1893 ዓ.ም. የብሪታንያ የባሕር አጥማጆች ማኅበር ሲቋቋም፣ በ1895 ዓ.ም.ም ጆን ቢከርዳይክ በሚል የብዕር ስም የታወቀው ቻርልስ ሄንሪ ኩክ ስለ ባሕር ማጥመድ ሰፊ መጽሐፍ ሲያወጣ፣ ባስ ርስት የሌለው ሰው ሳልሞን ለመሆን ተዘጋጅቶ ነበር።

ይህ ነጻነት ግን ጠባቂ አልነበረውም። በአየርላንድ በ1951 ዓ.ም. የአገር ውስጥ ዓሣ ሀብት አደራ ድርጅት ከተቋቋመ በኋላ፣ በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ የኬሪ አውራጃ ሰፋፊ አሸዋዎች ከእንግሊዝ የሚመጡ አጥማጆችን ይስቡ ነበር፤ ማደሪያ ቤቶችና ትንንሽ ከተሞች ከዚህ ይጠቀሙ ነበር። ከዚያ መረቡ መጣ። ቀላልና ርካሽ የናይሎን መረብ በጠረፍ ሲዘረጋ፣ የዓሣውም ዋጋ በገበያ ሲወጣ፣ በ1970ዎቹ አሸዋዎቹ ባዶ ሆኑ። እዚህ ላይ አንድ አስገራሚ ነገር አለ፤ ባስን ከዐለት ላይ መያዝ የሚቻል ያደረገውና ባስን ከአሸዋው የጠረገው አንድ ነገር፣ ያው ናይሎን ነው። የአየርላንድ መንግሥት በ1990 ዓ.ም. ከባድ ውሳኔ ወሰነ፤ ባስን ለንግድ ማጥመድን ለዜጎቹ ጨርሶ ከለከለ፤ ለመዝናኛ የሚያጠምድ ሰውም በሃያ አራት ሰዓት ከሁለት በላይ፣ ከ40 ሳንቲ ሜትር በታችም እንዳይዝ፣ ከሜይ 15 እስከ ጁን 15ም ጨርሶ እንዳያጠምድ አዘዘ። ይህ የአንድ ወር እገዳ ዓሣው በዚያ ጠረፍ እንቍላል ይጥልበታል ተብሎ የታመነውን ጊዜ ለመጠበቅ ነበር። በዚያው በ1990 ዓ.ም. የብሪታንያ መንግሥት የተፈቀደውን መጠን ከ32 ወደ 36 ሳንቲ ሜትር ከፍ አደረገ፤ ግልገሎቹ የሚያድጉባቸውን ከሠላሳ በላይ የሆኑ የወንዝ አፎችና ወደቦች፣ ከኤሌክትሪክ ማመንጫዎች ሙቅ ውሃ የሚፈስባቸውን ስፍራዎች ጭምር፣ የግልገል መጠበቂያ ብሎ ሠየመ። ይሁን እንጂ ለንግድ ማጥመድን አልከለከለም።

የሁለቱ መንገድ ልዩነት ከሃያ ዓመት በኋላ ታየ። ባሕሩን በ1989ኙ ትውልድና ከእርሱ በኋላ በመጡት ሞቃት ዓመታት ስለ ሞላ፣ መርከቦች በጥንድ ሆነው መረብ እየጐተቱ በርቢው ስፍራ የተሰበሰበውን መንጋ ያወጡ ነበር። ከ2008 ዓ.ም. ወዲህ የተወለዱት ትውልዶች ደካሞች ሲሆኑ የወላጆቹ ብዛት ከ2010 ዓ.ም. በኋላ በፍጥነት ወረደ። የአውሮፓ ኅብረት በጃንዋሪ 2015 ዓ.ም. በርቢው ወራት የሚጐተተውን መረብ እስከ ኤፕሪል መጨረሻ አገደ፤ በማርች ወር አጥማጁ በቀን ከሦስት በላይ እንዳይዝ፣ በሴፕቴምበር ደግሞ ዓሣው ከ42 ሳንቲ ሜትር እንዳያንስ አዘዘ፤ ሴቲቱ ቢያንስ አንድ ጊዜ ሳትራባ እንዳትያዝ ነው። እስከዚህ ድረስ ፍርዱ የተስተካከለ ነበር።

የ2016ቱ ትእዛዝ ግን ብዙ ቍጣ አስነሣ። ከጃንዋሪ እስከ ጁን የባሕር ዳር አጥማጅ የያዘውን ባስ ሁሉ እንዲለቅ፣ ከጁላይም ወዲህ በቀን አንድ ብቻ እንዲይዝ ተደረገ፤ በመንጠቆና በተተከለ መረብ የሚነግድ ጀልባ ግን ከፌብሩዋሪና ከማርች በቀር በወር እስከ 1,300 ኪሎ እንዲያወጣ ተፈቀደለት። እንግዲህ በኤፕሪል አንድ ሰው ከዐለቱ ላይ የያዛትን አንዲት ዓሣ ወደ ውሃው ሲመልስ፣ ከእርሱ ጥቂት ርቆ የተዘረጋው መረብ ያችኑ ዓሣ በሕግ ሊወስዳት ይችል ነበር። ነጋዴው ኑሮው በዚህ ላይ መሆኑ መዘንጋት የለበትም፤ ትንሽ ጀልባ ያለው የጠረፍ ሰው በርቢው ስፍራ ለጐተቱት ታላላቅ መርከቦች ኀጢአት መቀጣት አልነበረበትም። ቢሆንም በአንድ ዓሣ ላይ ሁለት ሚዛን ማኖር ሕጉን በሚጠብቁት ሰዎች ልብ አሳነሰው። በ2017 ዓ.ም. የተተከለው መረብ ሳይታሰብ ለሚገባበት ብቻ በወር 250 ኪሎ ተወሰነለት፤ በ2020 ዓ.ም. ለአጥማጁ ከማርች እስከ ኖቬምበር በቀን ሁለት ዓሣ ተፈቀደ። ብሪታንያም ከኅብረቱ ከወጣች በኋላ በዲሴምበር 2023 ዓ.ም. ለእንግሊዝና ለዌልስ ውሃ የራሷን የባስ አስተዳደር ዕቅድ አወጣች።

በክርክሩ ውስጥ አጥማጁ ከሳሽ ብቻ አልነበረም። ራሱ አጥማጅ የነበረው እንግሊዛዊው ዶኖቫን ኬሊ ዓሣ እየያዘ፣ ምልክት እያሰረ፣ እየለቀቀ፣ በ1979 ዓ.ም. ስለ ብሪታንያ ምዕራብ ጠረፍ ባስ እንቅስቃሴ ያሳተመው ጽሑፍ ለሊቃውንቱ ምንጭ ሆኗል። በማባበያ የተያዘ ዓሣ ለዚህ ሥራ የሚመች ነው፤ ምግቡን እንደሚውጠው መንጠቆውን ወደ ሆዱ ስለማያወርደው፣ ብዙ ጊዜ በከንፈሩ ተይዞ ሳይጐዳ ይለቀቃልና። በ2017 ዓ.ም. የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ በአየርላንድ በኮርክ ወደብ ነጋሪ መሣሪያ በውስጣቸው የተደረገላቸውን ዐዋቂ ባሶች ተከታትሏል። ዓሦቹ የሞቃቱን ወራት በጥቂት ኪሎ ሜትር ጠባብ ስፍራ ያሳልፋሉ፤ በብርዱ ወራት ወጥተው ይሄዳሉ፤ በሚቀጥለው ዓመትም ወደዚያው ወደ ቀድሞው ስፍራቸው ይመለሳሉ። አንድ ሰው በመባቻው ወራት ከአንድ ዐለት ሥር አራት አሮጊት ዓሦችን ቢወስድ፣ የሌላው ጠረፍ ዓሣ መጥቶ ወዲያው አይተካቸውም። የኬሪ ሽማግሌዎች ይህን መሣሪያ ሳይኖራቸው ያውቁት ነበር፤ ባዶ የሆነው አሸዋ መረቡ ከተነሣ በኋላም ስንት ዓመት ባዶ እንደ ቆየ በዓይናቸው አይተዋልና።